ካራቫን በአረንጓዴው ቀበቶ፦ የእንግሊዝ ጂፕሲዎችና ትራቨለሮች የመኖሪያ ቦታ ጥያቄ እንዴት እዚህ ደረሰ?

በእንግሊዝ የአካባቢ ጋዜጣ የሚከታተል ሰው ይህን ዜና ሳያገኝ ዓመት አያልፍበትም። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ዓርብ ማታ የጭነት መኪኖች ጠጠር ሲደፉ ያድራሉ። ቅዳሜ ካራቫኖች፣ ማለትም በመኪና የሚጎተቱ ቤቶች፣ ይገባሉ። ሰኞ የበዓል ዕረፍት ስለሆነ የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ቢሮ ዝግ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሜዳው የሰው መኖሪያ ሆኗል፤ የፈቃድ ማመልከቻውም ካውንስሉ ደርሷል። የአካባቢው ነዋሪ «እኔ ቤቴ ላይ አንዲት ክፍል ለመጨመር ወራት ስጠብቅ እነሱ እንዴት?» ብሎ ይቆጣል። ቤተሰቦቹ ደግሞ «መሬቱን ገዝተነዋል፤ ሌላ የምንሄድበትም የለንም» ይላሉ።

ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚሉት እውነት ነው። ጠቡ የሚነሳው ሁለት የተለያዩ የሕግ ታሪኮች አንድ ሜዳ ላይ ስለሚገናኙ ነው። አንደኛው ታሪክ ገጠሩን ከከተማ መስፋፋት የመጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ሕዝብ የሚያርፍበት ቦታ አንድ በአንድ እየተዘጋበት የመጣበት ነው። ሁለተኛውን ሳያውቁ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ መፍረድ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ «እንግሊዝ» ስል ዌልስንና ስኮትላንድን ሳልጨምር ነው፤ የፕላን ሕጋቸው፣ ማለትም የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ፈቃድ ሕጋቸው፣ ለየብቻ ነውና። ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?

በአንድ ስም ቢጠሩም አንድ ሕዝብ አይደሉም። ሮማኒ ጂፕሲዎች የዘር ሐረጋቸው ከሰሜን ሕንድ የሚነሳ ሲሆን ብሪታንያ ውስጥ ቢያንስ ከ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ኖረዋል። አይሪሽ ትራቨለሮች ደግሞ መነሻቸው አየርላንድ ነው፤ የራሳቸው ባህልና የአነጋገር ዘይቤ አላቸው። ፍርድ ቤቶች ሮማኒዎችን በ1988፣ አይሪሽ ትራቨለሮችን በ2000 በዘር መድልዎ ሕግ የሚጠበቁ ብሔረሰቦች መሆናቸውን አረጋግጠዋል። «ጂፕሲ» የሚለው ቃል በብዙ የአውሮፓ አገሮች እንደ ስድብ ይቆጠራል፤ በብሪታንያ ግን ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት፣ በሕግም የሰፈረ ስም ስለሆነ እዚህ ተጠቅሜበታለሁ።

በ2021ዱ የሕዝብ ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ወደ 68 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ራሳቸውን ጂፕሲ ወይም አይሪሽ ትራቨለር ብለው መዝግበዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ ዛሬ የሚኖሩት በግንብ ቤት ነው። በካራቫን የሚኖረው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ነው። ስለዚህ በየጊዜው የሚነሳው ጭቅጭቅ የሚመለከተው በቁጥር ትንሽ ሕዝብን ነው።

ለእነዚህ ቤተሰቦች ካራቫን ዕረፍት የሚወጡበት ተጎታች አይደለም፤ ቤታቸው ነው። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ የታመመ ይጠብቃሉ፤ ሕፃናትን አብረው ያሳድጋሉ። ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ይዞታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ መኖሪያ ካራቫን፣ ለጉዞ የሚሆን አንድ ትንሽ ካራቫን፣ የመኪና ማቆሚያና ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለባት ትንሽ ቤት ይይዛል። የዘመድ ይዞታዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው በእንግሊዝ ሕግ «ሳይት» የሚባለው።

አረንጓዴው ቀበቶ ምንድን ነው?

ግሪን ቤልት፣ በእኛ ቋንቋ አረንጓዴ ቀበቶ፣ በትልልቅ ከተሞች ዙሪያ ግንባታ እንዳይስፋፋ የተከለለ መሬት ነው። ሐሳቡ በ1930ዎቹ ከለንደን ተነሳ፤ በ1938 ለለንደን ዙሪያ ሕግ ወጣለት፤ በ1955 መንግሥት ሌሎች የአገሪቱ ካውንስሎችም እንዲያስቡበት መመሪያ አወጣ። ዛሬ ከእንግሊዝ መሬት 12 ከመቶ የሚበልጠውን ይሸፍናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አረንጓዴ ቀበቶ የተከለለው ውብ ስለሆነ አይደለም። ዓላማው ከተማ ያለ ልክ እንዳይስፋፋ፣ አጎራባች ከተሞች እንዳይገጣጠሙ፣ ገጠሩ እንዳይወረር፣ የታሪካዊ ከተሞች ገጽታ እንዳይበላሽ፣ በከተማ ውስጥ ያለ ያረጀ መሬትም መልሶ እንዲለማ ማድረግ ነው። ስለዚህ የተተወ የመኪና ማፍረሻ ግቢም ሆነ ቁጥቋጦ የወረሰው ባዶ መሬት አረንጓዴ ቀበቶ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በውበታቸው የሚጠበቁት ሌሎች ናቸው፤ ብሔራዊ ፓርኮችና ከ2023 ወዲህ «ብሔራዊ መልክዓ ምድር» የተባሉት አካባቢዎች። እነዚያ የራሳቸው ጥብቅ ደንብ አላቸው። የትራቨለር ክርክር በብዛት የሚነሳው ግን በአረንጓዴ ቀበቶ ላይ ነው።

ለምን እዚያው ይገዛሉ? ሌላ መሬት የለም?

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ጥያቄ ውስጥ ስላለ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ተጓዦቹ ለዘመናት የሚያርፉት በመንገድ ዳር፣ በጋራ ግጦሽና በገበሬ ማሳ ላይ ነበር። ገበሬው ለእንጆሪ፣ ለአተርና ለሆፕስ (ለቢራ መጥመቂያ የሚሆን ተክል) ለቀማ የሰው ጉልበት ስለሚፈልግ በመከር ወቅት ራሱ ይጋብዛቸው ነበር። በ1959 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ጂፕሲዎች በመንገድ ዳር መስፈራቸውን ወንጀል አደረገ። በ1960 የወጣው የካራቫን ሕግ ደግሞ ካራቫን የሚያስቆም ባለ መሬት ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ፤ ካውንስሎችም የጋራ ግጦሹን እንዲዘጉ ሥልጣን ሰጠ። በዚህ መሐል የእርሻ መሣሪያ የለቀማውን ሥራ ወሰደው። ባለ ማሳውም ከዚያ በኋላ አልጠራቸውም።

የተዘጋው በር በዝቶ ችግሩ ገንፍሎ ሲወጣ ኤሪክ ሉቦክ የተባሉ የሊበራል ፓርቲ የፓርላማ አባል ባቀረቡት ረቂቅ የ1968ቱ የካራቫን ቦታዎች ሕግ ወጣ። ሕጉ ካውንስሎች ለጂፕሲዎች ቦታ እንዲያዘጋጁ ግዴታ ጣለ። በዘገምታም ቢሆን ከ300 በላይ ሳይቶች ተሠሩ። የተሠሩበት ቦታ ግን ልብ ያሳዝናል፤ ብዙዎቹ የተቀመጡት ማንም ሊኖርበት በማይፈልገው መሬት፣ በሞተርዌይ ዳር፣ በባቡር ሐዲድ ጎን፣ በፍሳሽ ማጣሪያ አጠገብ ነበር። ምዕራብ ለንደን ያለው የስቴብል ዌይ ሳይት እስከ ዛሬ ከዌስትዌይ ተንጠልጣይ አውራ ጎዳና ሥር ነው።

በ1994 የጆን ሜጀር መንግሥት ግዴታውን ሰረዘው። ምክንያቱ «ካውንስል የሚያቀርበው በቃ፤ እንደማንኛውም ሰው መሬት ገዝታችሁ ፈቃድ ጠይቁ» የሚል ነበር። ብዙዎች የተባሉትን አደረጉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት የወጣው መመሪያ ቀድሞ የነበረውን፣ አስፈላጊ ሲሆን በአረንጓዴ ቀበቶም ቦታ ሊፈቀድ ይችላል የሚለውን አስተያየት አነሳ። ማለትም መሬት ግዙ በተባሉበት ወቅት፣ ሊገዙት አቅማቸው የሚፈቅደው መሬት ተዘጋ።

አቅማቸው የሚፈቅደው ለምን እሱ ብቻ ሆነ? ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደ መሬት ዋጋው ከእርሻ መሬት ብዙ እጥፍ ስለሆነ በጨረታ የሚያሸንፈው የቤት ገንቢ ኩባንያ ነው። ለቤተሰብ የሚቀረው ርካሹ መስክ፣ የፈረስ ግጦሽ ወይም የተተወ ግቢ ነው። በለንደን ዙሪያ ደግሞ እንዲህ ያለው መሬት አብዛኛው በአረንጓዴ ቀበቶ ውስጥ ነው። በኤሴክስ ኤፒንግ ፎረስት፣ በሰሪ ታንድሪጅ የሚባሉት ወረዳዎች ከመሬታቸው ከ90 በመቶ በላይ አረንጓዴ ቀበቶ ነው። እዚያ ተወልዶ፣ ዘመዱ እዚያ ተቀብሮ፣ ልጁ እዚያ የሚማር ቤተሰብ «ከቀበቶው ውጪ ፈልግ» ቢባል የት ሄዶ ይፈልግ?

ፈቃድ ሲጠየቅ ሕጉ እንዴት ይመዝናል?

ሚዛን አስቡ። በተራ መሬት ላይ ማመልከቻ ሲቀርብ ሚዛኑ ባዶ ሆኖ ይጀምራል፤ ጥቅሙ በአንድ በኩል፣ ጉዳቱ በሌላ በኩል ይቀመጥና ያጋደለው ይታያል። በአረንጓዴ ቀበቶ ግን ማንም ምንም ሳያስቀምጥ በእምቢታው በኩል ከባድ ድንጋይ ተጭኖ ይጠብቃል። የትራቨለር ሳይት በመርህ ደረጃ «ለአረንጓዴ ቀበቶ የማይስማማ ልማት» ተብሎ ተፈርጇል። የማይስማማ መባሉ ብቻውን እንደ ጉዳት ይቆጠራል። መሬቱ ክፍትነቱን ማጣቱ ሌላ ጉዳት ነው፤ የመንገድ ወይም የጎርፍ ችግር ካለም ይጨመራል። አመልካቹ ፈቃድ የሚያገኘው በእሱ በኩል የሚቀመጠው ይህን ሁሉ በግልጽ የሚበልጥ ሲሆን ብቻ ነው። ይህ በሕጉ ቋንቋ «እጅግ ልዩ ሁኔታ» ይባላል።

በአመልካቹ በኩል ምን ይቀመጣል? በአካባቢው ያለው የቦታ እጥረት አንዱ ነው። ካውንስሎች በአካባቢያቸው ስንት ይዞታ እንደሚያስፈልግ እንዲያጠኑና ለ5 ዓመት የሚበቃ ቦታ እንዲያሳዩ በመንግሥት ፖሊሲ ይጠበቅባቸዋል፤ ብዙዎቹ ግን ይህን አያሟሉም። ሌላው የቤተሰቡ ሁኔታ ነው፤ የታመመ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ትምህርት የጀመሩ ልጆች። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የጂፕሲና የትራቨለር ልጆች ውጤት ከሁሉም ብሔረሰቦች ዝቅተኛ ሆኖ ሲመዘገብ ኖሯል። በየጊዜው ከቦታ ቦታ የሚባረር ልጅ እንዴት ብሎ ይማራል? ስለዚህ ቋሚ አድራሻ ማግኘት ለሕፃናቱ ያለው ዋጋ ከባድ ክብደት ይሰጠዋል።

በ2015 የወጣው ፖሊሲ ግን የግል ሁኔታና የቦታ እጥረት ተደምረው እንኳ የአረንጓዴ ቀበቶን ጉዳት መብለጣቸው «የማይመስል» ነው ሲል የሕፃናት ጥቅምን ብቻ ለየት አድርጎ አስቀመጠ። ከዚህም አልፎ በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት መጓዝ ያቆመ ሰው ለፕላን ጉዳይ እንደ ትራቨለር አይቆጠርም አለ። አስቡት፤ አያት ጉልበቷ ሲከዳት በቤተሰቧ መሐል በካራቫን የመኖር ጥያቄዋ በትራቨለር ፖሊሲ መታየቱ ይቀራል ማለት ነው። በጥቅምት 2022 የይግባኝ ፍርድ ቤት አካል ጉዳተኛ ልጆች ባሏት አንዲት ሴት ጉዳይ ላይ ይህ ትርጉም አድልዎ ነው ሲል ወሰነ። መንግሥትም በታኅሣሥ 2023 ትርጉሙን አስተካከለ።

ካውንስሉ ከከለከለ አመልካቹ ለፕላን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይግባኝ ይላል። ከዚያ የሚመጣው ኢንስፔክተር መሬቱን አይቶ፣ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ይወስናል። አንዳንዱን ጉዳይ ሚኒስትሩ ራሱ ሊወስደው ይችላል። ኤሪክ ፒክልስ የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ ግን በአረንጓዴ ቀበቶ ያሉ የትራቨለር ይግባኞችን በጅምላ ወደ ራሳቸው መሳባቸውን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 2015 ሕገ ወጥ አድልዎ ብሎታል።

ለምን ፈቃድ ሳያገኙ ይሰፍራሉ?

የጎረቤቱ ቁጣ ከሁሉ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጣውም ባዶ አይደለም። አስቀድሞ ሰፍሮ ኋላ ፈቃድ መጠየቅ ለማንም ሰው ይቻላል፤ ያለ ፈቃድ መሬት ማልማት በራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ካውንስሉ «አቁም» ወይም «አንሳ» ብሎ የጻፈውን ማስጠንቀቂያ አለማክበር ነው። ነገር ግን ከ2015 ወዲህ ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ ማልማት በውሳኔው ላይ አመልካቹን የሚጎዳ ነጥብ ሆኖ ይቆጠራል።

ቤተሰቦቹ ይህን እያወቁ የሚገቡት ስሌታቸው ሌላ ስለሆነ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ቀርቦ እምቢ የተባለ ማመልከቻ ከተዘጋ ፋይል አያልፍም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው፣ አሮጊቷ ሐኪም ቤት ተመዝግባ ሲቀርብ ግን ኢንስፔክተሩ «ከዚህ ቢነሱ የት ይሄዳሉ?» የሚለውን ሳይመልስ ማለፍ አይችልም። ወደ መንገድ መመለስም ከ2022 ወዲህ ይበልጥ አስፈሪ ሆኗል። በዚያ ዓመት የወጣው የፖሊስና የወንጀል ሕግ፣ ያለ ባለ መሬት ፈቃድ ከተሽከርካሪ ጋር ሰፍሮ፣ ጉዳት ወይም መስተጓጎል አድርሶ ተነሣ ሲባል እምቢ ያለ ሰው እስከ 3 ወር እንዲታሰር፣ እስከ 2,500 ፓውንድ እንዲቀጣ፣ ካራቫኑም እንዲያዝ ይፈቅዳል። ካራቫን ተያዘ ማለት ቤት ተወሰደ ማለት ነው። በግንቦት 2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የዚህን ሕግ አንድ ክፍል፣ የተባረረ ሰው ወደ ቦታው እንዳይመለስ የተከለከለበትን ጊዜ ከ3 ወደ 12 ወር ያራዘመውን፣ የመሸጋገሪያ ማረፊያ እጥረት ባለበት አገር ከሰብአዊ መብት ጋር አይጣጣምም ብሏል።

ፍርድ ቤት ሲደርስ ማን ያሸንፋል?

ከሁሉ የሚጠቀሰው በጥር 2001 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የወሰነው ነው። አንዲት ሮማኒ ሴት በ1985 በኸርትፎርድሽር በአረንጓዴ ቀበቶ ውስጥ መሬት ገዝታ በካራቫን ሰፈረች፤ ፈቃድ ተከለከለች፤ ይህ ፍርድ ቤት እስከሚገኝበት እስከ ስትራዝቡርግ ሄደች። ዳኞቹ 10 ለ 7 ተከፍለው ብሪታንያ መብቷን አልጣሰችም አሉ። ውሳኔው ግን ሁለት ፊት አለው፤ መንግሥታት የጂፕሲዎችን አኗኗር የማመቻቸት ግዴታ እንዳለባቸውም አስፍሯል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ወገኖች ይህንኑ ውሳኔ ይጠቅሱታል።

ዴል ፋርም ደግሞ ክርክሩ መፍትሔ ሲያጣ ምን እንደሚመጣ ያሳያል። በኤሴክስ በባዝልደን ወረዳ፣ በክሬይስ ሂል አጠገብ፣ ቀድሞ የብረታ ብረት ማከማቻ የነበረበት መሬት ነው። ከፊሉ ፈቃድ ያለው ሳይት ነበር። ከጎኑ ያለውን፣ 51 ይዞታ የሚሆነውን፣ አይሪሽ ትራቨለሮች ገዝተው ያለ ፈቃድ ሰፈሩበት። ወደ 80 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከ10 ዓመት ሙግት በኋላ በጥቅምት 2011 በፖሊስ ኃይል ተነሡ፤ ወጪው ሚሊዮኖች ፓውንድ ነበር። መሬቱ ተቆፍሮ ክምር አፈር ሆነ። ከተነሡት ብዙዎቹ ካራቫናቸውን እዚያው መግቢያ መንገድ ዳር አቆሙ፤ ሌላ የተዘጋጀላቸው ቦታ አልነበረማ።

ከ2024 ወዲህ ምን ተለወጠ?

በታኅሣሥ 2024 መንግሥት አገር አቀፉን የፕላን ፖሊሲ ሲያሻሽል «ግራጫ ቀበቶ» የሚባል አዲስ ክፍል ፈጠረ። ይህ በአረንጓዴው ቀበቶ ውስጥ ሆኖ ቀድሞ ግንባታ የነበረበት ወይም ለቀበቶው ዋና ዋና ዓላማዎች ብርቱ ጥቅም የማይሰጥ መሬት ነው። እንዲህ ያለ መሬት ላይ፣ ያልተሟላ ፍላጎት ካለና ቦታው ለኑሮ አመቺ ከሆነ፣ ልማቱ «የማይስማማ» መባሉ ይቀራል። ለትራቨለር ሳይት ፍላጎቱ አልተሟላም የሚባለው ካውንስሉ የ5 ዓመቱን ቦታ ማሳየት ሲያቅተው ነው። በሚዛኑ አነጋገር ያ አስቀድሞ የተጫነው ድንጋይ ለዚህ ዓይነቱ መሬት ተነሣ።

የትራቨለር ትርጉምም ሰፍቷል፤ አሁን በካራቫን የመኖር ባህል ያላቸውን ሁሉ ያካትታል። ግራጫ ቀበቶ ለትራቨለሮች ብቻ የተሰጠ ልዩ መብት የመሰላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በዋናነት የተፈጠረው ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ነው፤ ተጠቃሚዎቹም በአብዛኛው ተራ ቤት ገንቢዎች ናቸው። የ1994ቱ ስረዛ ግን እንዳለ ነው። በእንግሊዝ ዛሬም ካውንስል ቦታ ለማቅረብ የሕግ ግዴታ የለበትም። ዌልስ በ2014 ባወጣችው የቤቶች ሕግ ይህንኑ ግዴታ መልሳ ጥላለች፤ ፍላጎቱ በጥናት ከተረጋገጠ ካውንስሉ ማሟላት አለበት። እንግሊዝ ይህን ሳታደርግ ደንቡን ብቻ ብትቀያይር በዓርብ ማታ የሚደፋው ጠጠር የሚቀንስ አይመስለኝም።

የካውንስል ደብዳቤ ቢደርሰኝስ?

እንግሊዝ ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች አጠገባችሁ የሳይት ማመልከቻ ከቀረበ ከካውንስሉ ማስታወቂያ ይደርሳችሁ ይሆናል። አስተያየት ለመስጠት ብዙውን ጊዜ 21 ቀን ይሰጣል። ዜግነት አይጠየቅም፤ ድጋፍም ተቃውሞም መጻፍ ይቻላል፤ የምትጽፉት በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ሊወጣ ይችላል።

ክብደት የሚያገኘው ስለ መሬቱ የተጻፈው ነው፤ የመግቢያ መንገዱ አደገኛነት፣ ጎርፍ፣ የፍሳሽ አወጋገድ፣ የይዞታዎቹ ብዛት፣ ከትምህርት ቤት ያለው ርቀት፣ መሬቱ ግራጫ ቀበቶ መባል አለመባሉ። «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል» የሚለው በፕላን ሕግ አይቆጠርም። «እነዚህ ሰዎች ሌቦች ናቸው» ብሎ በዘር የፈረጀ አስተያየት ደግሞ ካውንስሉ ተመልክቶ ይጥለዋል፤ በእኩልነት ሕግ ያ ግዴታው ነው። ማመልከቻው ቢከለከል አመልካቹ በ6 ወር ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ቀድሞ የጻፋችሁት አስተያየትም ከፋይሉ ጋር ለኢንስፔክተሩ ይሄዳል። ውሳኔው አንዳንድ ጊዜ ለጥቂት ዓመታት ብቻ የሚቆይ፣ በስማቸው ለተጠቀሱ ሰዎች የተሰጠ ጊዜያዊ ፈቃድ ይሆናል። ጊዜው ሲያልቅ ካውንስሉ በመሐሉ ሌላ ቦታ አዘጋጅቶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ካላዘጋጀ ያው ማመልከቻ እንደገና ይቀርባል።